ኮከብና ፍርድ፦ እንግዳ አከራይን ሲዳኝ



የማነሳው ጉዳይ ቤቱን ወይም አንዷን ክፍሉን ለመንገደኛ ለጥቂት ቀን የሚያከራየውን ሰው ይመለከታል። እንግዳው አድሮ ሲሄድ ስልኩ ላይ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል፤ ሁለት ሦስት መስመርም ይጽፋል። ቀጣዩ መንገደኛ ያንን አይቶ ይመጣል፣ ወይም ሌላ ቤት ይፈልጋል። ስሙ አስተያየት ይባላል፤ ሥራው ግን በአከራዩ እንጀራ ላይ የሚፈጸም ፍርድ ነው። ፍርድ ከሆነ ደግሞ ፍርድ የሚጠየቀውን ሁሉ ሊጠየቅ ይገባዋል። ፈራጁ ማን ነው? በየትኛው ሕግ ፈረደ? የተፈረደበት ሰው ተሰምቷል? ይግባኝ የሚለው ለማን ነው? ቅጣቱስ መቼ ያበቃል?

አይሻ የመንገድ ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ፣ ከዚያም በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ፣ አይሻ ከመስመሩ ጣቢያዎች አንዷ ነበረች። ዛሬም አዲሱ ሐዲድ በዚሁ ያልፋል፤ ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ የሚወስደው አስፋልትም አለ። 120 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታቀደው የነፋስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀመር ደግሞ መሐንዲሱም ቴክኒሻኑም ማደሪያ ፈላጊ ሆኖ መጥቷል። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ «እንግዳ ስለ ቤቴ ምን ብሎ ይሄድ ይሆን?» የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም።

የከባድ መኪና ሹፌሮች የሚጠቀሙበትን መንገድ ታውቃላችሁ። አንዱ ደወሌ ላይ ለሚያገኘው ባልደረባው «እዚያ ቤት እደር፤ አንሶላው ንጹሕ ነው፣ መኪናህንም ይጠብቁልሃል» ይለዋል። ወይም «እዚያ አትሂድ» ይለዋል። ይህም አስተያየት ነው፤ ይህም የአልጋ ቤት ባለቤትን ገቢ ያሳድጋል ወይም ይቀንሳል። ግን የሚናገረው ሹፌር ራሱ ይታወቃል። ሁልጊዜ የሚያማርር ከሆነ ጓደኞቹ ቃሉን ቀንሰው ይሰሙታል። በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ደጅ ስለሚያልፍ ባለቤቷ «ምን አጎደልንብህ?» ብላ ትጠይቀዋለች፤ ያጎደለችውን ትሞላለች፤ እሱም ቃሉን ያስተካክላል። ፈራጁ ስም አለው፤ ፍርዱም ይታረማል። ስልኩ ላይ ላለው ፍርድ የጎደሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ የዛሬው ንግግሬም በእነሱ ላይ ነው።

ይህን ሳስብ ከስልክ በፊት የነበረ ታሪክ ይመጣብኛል። በሶማሌ ምድር ነጋዴም ሆነ ተጓዥ ያለ አባን አይንቀሳቀስም ነበር። ሽማግሌዎቻችን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል፤ ለወጣቶቹ ልግለጸው። አባን እንግዳውን በጎሳው ስም የሚቀበል፣ ማደሪያና ግመል የሚፈልግለት፣ በየደረሰበት ከባለአገሮቹ ጋር የሚደራደርለት ሰው ነው። እንግዳው ላይ ጥቃት ከደረሰ አባኑ እንደተደፈረ ይቆጠራል። ለዚህ ኃላፊነቱም ዋጋ ይቀበላል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1854 መጨረሻ ከዘይላ ተነስቶ በኢሳና በገደቡርሲ አገር አልፎ በ1855 መጀመሪያ ሐረር ሲገባ፣ መንገዱን የጀመረው ራጌ የሚባል የኢሳ ሰው አባን ሆኖለት ነው።

በዚያው ወቅት የበርተን ባልደረባ ጆን ስፒክ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ወርሰንገሊ ጎሳ የባሕር ዳርቻ ሄዶ ነበር። የእሱ አባን በእንግሊዞቹ አጻጻፍ ሰመንተር ይባላል። ጉዞው አልተሳካም። ስፒክ «ገንዘቤን ለራሱ ዕዳ አዋለው፤ ሆን ብሎ አዘገየኝ» አለ። ወደ ኤደን ሲመለስም ከሰሰው። በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር የነበረው የኤደን ችሎት ሰመንተርን በእስራት ቀጣው፤ ከከተማዋም እንዲባረር ፈረደበት። ስፒክ ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1864 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በዝርዝር ጻፈው።

ሰመንተር አጥፍቶ ይሆናል። ነጻ ላወጣው አልተነሳሁም። ነገር ግን በራሱ በስፒክ ጽሑፍ ውስጥ እንኳ የአካባቢው ጎሳ መሪ፣ ገራዱ፣ እና ሽማግሌዎች መንገደኛው ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ሲከለክሉ እናያለን። እንግዳው የሚያየው መዘግየቱን ነው። አባኑ ከኋላ ከስንት ሰው ጋር እንደተጨቃጨቀ፣ ከመዘግየቱ የትኛው የእሱ ጥፋት፣ የትኛው የአገሩ ሁኔታ እንደሆነ እንግዳው አያይም። ዛሬ ስለዚያ ጉዞ ማንበብ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው የእንግዳውን መጽሐፍ ነው። ሰመንተር በራሱ ቃል የተወው መጽሐፍ የለም። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አንድ አስተናጋጅ በእንግዳው ብዕር ብቻ ሲታወቅ ኖሯል።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ።

ኤርቢኤንቢ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተመሠረተ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ትርፍ ክፍል ያለው ሰው ክፍሉን በኢንተርኔት ያስተዋውቃል፤ መንገደኛ ይከራየዋል፤ ኩባንያው ከሁለቱ መካከል ሆኖ ድርሻውን ይወስዳል። የደላላነት ሥራ ነው ብንል ስህተት የለውም። ልዩነቱ ዋስትናው ላይ ነው። የሰፈር ደላላ «አውቃቸዋለሁ፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው» ይላል፤ ኩባንያው ማንንም ስለማያውቅ ዋስትናውን ለኮከቡ ሰጠው። ያለ ኮከብ ማንም ሰው በማያውቀው አገር፣ የማያውቀው ሰው ቤት ገንዘብ ከፍሎ አያድርም። ይህን አምኜ ነው የምነሳው፤ ኮከቡ ይቅር የሚል ሰው የመንገደኛን ፍርሃት የዘነጋ ሰው ነው። ብቻዋን የምትጓዝ ሴት በማታ በማታውቀው ግቢ ስትገባ ከእሷ በፊት ያደሩ ሴቶች የጻፉትን ማንበቧ መብቷ ነው። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 በቤት ውስጥ የሚተከል ካሜራን ሙሉ በሙሉ ከልክሏል። እንዲህ ዓይነት በደል የሚገልጥ አስተያየት ሊጠፋ አይገባውም።

ክርክሬ ያለው ኮከቡ በሚሰፈርበት ስፍር ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዓለም ዙሪያ ያሉ የኤርቢኤንቢ ቤቶችን ሲመረምሩ፣ ወደ 95 በመቶ የሚጠጉት አማካይ ውጤታቸው አራት ተኩል ወይም አምስት ሆኖ አገኙ። ከሦስት ተኩል በታች የሆነ ቤት የለም በሚባል ደረጃ ነበር። ኩባንያው ምርጥ አከራይ ብሎ ልዩ ምልክት የሚሰጠው ደግሞ አማካይ ውጤቱ 4.8ና ከዚያ በላይ ለሆነ ነው፤ ዝቅ ያለውን ያስጠነቅቃል፣ ያግዳል፣ ከዝርዝሩም ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ በወረቀት ላይ መለኪያው ከአንድ እስከ አምስት ነው፤ በተግባር ግን ሰው የሚጾምበትም የሚበላበትም ከአራት ተኩል እስከ አምስት ባለችው ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው።

ይህን እንግዳው አያውቅም። በተለይ የእኛ አገር ሰው አያውቅም። እኛ ትምህርት ቤት ከመቶ ሰማንያ ያመጣ ልጅ ሲመሰገን እያየን ያደግን ነን። ከአምስት አራት ሰማንያ በመቶ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ መንገደኛ ጅግጅጋ አድሮ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ባለቤቶቹን መርቆ ሲሄድ በቅን ልቡ አራት ኮከብ ይሰጣል። አመሰገንኳቸው ብሎ ይሄዳል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው፤ አምስትና አራት ብቻ የሚሰጡ እንግዶች ቢመጡ እንኳ ከአምስቱ እንግዶች ሁለቱ አራት ከሰጡ አማካዩ 4.6 ይሆናል፤ ምልክቱም ይቀራል። መራቂው ሳያውቅ ቀጪ ሆነ። ለዚህ ተጠያቂው እንግዳው ሊሆን አይችልም፤ «አራት ማለት ጥሩ ነው» ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን እንደ ጉድለት የሚቆጥረው መለኪያ ነው። ቡኪንግ የሚባለው የሆቴል ማስያዣ ድርጅት እስከ እ.ኤ.አ. 2019 ድረስ ከአስር የሚሰጠው ዝቅተኛ ውጤት አንድ ሳይሆን 2.5 ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ አንድ አወረደው። ቤቱ ያው፣ አልጋው ያው ሆኖ ቁጥሩ በስፍሩ ምክንያት ብቻ ይለዋወጣል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የትንሽ ቤትን ነገር እንይ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። አይሻ ውስጥ አንዲት እናት ሁለት ክፍል አዘጋጅታ አከራየች እንበል። አምስት እንግዶች መጡ። አራቱ አምስት አምስት ኮከብ ሰጡ፤ አንዱ ተናዶ አንድ ሰጠ። ድምሩ ሃያ አንድ፤ ለአምስት ሲካፈል 4.2። በአንጻሩ ድሬዳዋ ውስጥ መቶ እንግዳ ያስተናገደ ትልቅ ቤት አለ እንበል። እዚያም እንደዚያው አንድ ሰው ተናዶ አንድ ኮከብ ሰጠ። የእሱ አማካይ 4.96 ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። ጥፋቱ አንድ፣ ከሳሹ አንድ፣ ቅጣቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። እናታችን ወደ 4.8 ለመመለስ ከዚህ በኋላ አስራ አምስት እንግዶች በተከታታይ፣ አንድም ሳይጎድል፣ አምስት ሊሰጧት ይገባል። በወር አንድ እንግዳ የምታገኝ ከሆነ ከዓመት በላይ ማለት ነው። በዚያ ላይ 4.2ን ያየ መንገደኛ ስለሚሸሽ አስራ አምስቱን እንግዶች የምታገኝበት መንገድ ራሱ ጠቧል። የኢሳ ሶማሌዎች ያልተጻፈ ሕግ በሆነው በሄር ኢሴ የጉዳት ካሳ እንደ ጉዳቱ ዓይነት ይለካል። በኮከቡ ሥርዓት ቅጣቱ የሚለካው በድህነት ነው፤ ያነሰ እንግዳ ያለው የበለጠ ይቀጣል።

ያ አንድ ኮከብ የሰጠው ሰውስ ለምን ሰጠ? እዚህ ላይ የአገራችንን ሁኔታ በግልጽ እንነጋገር። በአይሻ፣ በሽንሌም ሆነ በጅግጅጋ ዙሪያ ባሉ ትንንሽ ከተሞች ቤት የሚያከራይ ሰው የመብራቱ፣ የውሃውም ሆነ የኔትወርኩ ባለቤት አይደለም። ቦቴ ካልመጣ ሮቶው ባዶ ነው። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር የሌለው ቤት ማራገቢያው ይቆማል፤ በዚህ ሙቀት ማራገቢያ ሳይኖር ማደር ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ኔትወርክ ሲጠፋ እንግዳው ቤተሰቡን ማግኘት አይችልም። ነፋሱ አቧራውን በመስኮት ያስገባል፤ ከሰዓት በፊት የተወለወለው ወለል ማታ ላይ ያልተወለወለ ይመስላል። እንግዳው በዚህ ሁሉ ቢበሳጭ አልፈርድበትም። ግን ኮከቡ የሚቆረጠው ከማን ነው? ከመብራት አገልግሎቱ አይደለም፣ ከውሃ ጽሕፈት ቤቱም አይደለም። ጀሪካን ተሸክማ ውሃ ከጎረቤት ለምና ያመጣችለት እናት ናት የምትቀጣው።

ኩባንያዎቹ ይህን መለየት ይችሉ ነበር። ኤርቢኤንቢ እንግዳውን ስለ ጽዳት፣ ቤቱ እንደተባለው ስለመሆኑ፣ ስለ አቀባበል፣ ስለ መግባባት፣ ስለ ቦታና ስለ ዋጋ ለየብቻ ይጠይቃል። እነዚህ ጥያቄዎች መልካም ናቸው፤ «ቦታ» የሚለው ላይ ግን ቆም እላለሁ። ቤቱን ነቅሎ የሚሄድ አከራይ የለም። ቦታው ሩቅ መሆኑን መንገደኛው ሊያውቅ ይገባዋል፤ ያ ግን ማስታወቂያ ነው፣ ፍርድ ሊሆን አይገባም። የአምስት ኮከቡ ዋና ድምር ደግሞ ከእነዚህ ስድስት መልሶች ተደምሮ የሚመጣ ሳይሆን ለብቻው የሚጠየቅ ነው፤ እንግዳው ውሃው፣ ሙቀቱና አቧራው የፈጠሩበትን ስሜት ሁሉ አንድ ላይ አድርጎ እዚያ ላይ ያሳርፋል።

ወደ ይግባኙ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ፣ ሄር ኢሴ የኢትዮጵያ፣ የጅቡቲና የሶማሊያ የጋራ ቅርስ ሆኖ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ጅቡቲያዊው ምሁር አሊ ሙሳ ኢዬ ስለዚህ ሕግ የጻፈውን መጽሐፍ «የዛፉ ብይን» ብሎ ሰይሞታል፤ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ከሳሽና ተከሳሽን ሰምተው ስለሚፈርዱ ነው። በፍርዱ ያልረካ ደግሞ ይግባኝ የሚልበት ሥርዓት አለው። ይህ ሕግ ያልተጻፈ ነው፤ ግን በቃል ሲተላለፍ የኖረ ነው፤ ማንም ሰው ባልሰማው ሕግ አይከሰስም። ዓለም መዝግቦ የተቀበለው ይህንን ነው።

በኮከቡ ዓለም ተከሳሹ የሚናገረው ከፍርዱ በኋላ ነው። አከራዩ ከእንግዳው አስተያየት ሥር መልስ መጻፍ ይችላል፤ ኤርቢኤንቢ ለዚህ ሠላሳ ቀን ይሰጣል። መልካም ነው፤ መልሱ ግን ኮከቡን አንዲት ነጥብ አያነሳውም። አስተያየቱ እንዲነሳ ማመልከትም ይቻላል፤ ስድብ ካለበት፣ ከቆይታው ጋር የማይገናኝ ከሆነ፣ ወይም እንግዳው በማስፈራራት የጻፈው መሆኑ ከተረጋገጠ ሊነሳ ይችላል። «ሐሰት ነው» ወይም «ፍትሐዊ አይደለም» ብሎ ለሚያመለክት ግን ኩባንያው ለረጅም ጊዜ የሰጠው መልስ እውነቱን ለማጣራት በመካከላችሁ አልገባም የሚል ነው። ያው ኩባንያ ግን በዚያው ባልተጣራ ቃል ላይ ተመሥርቶ ቤቱን ከዝርዝር ያወርዳል። ሳይመረምር የሚቀጣ ዳኛ ዛፉ ሥር ቢቀመጥ ሽማግሌዎቻችን ያስነሱታል።

የአገራችን መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ የሆቴሎችን የኮከብ ደረጃ ሲያወጣ ቅሬታ ያነሱ ባለሆቴሎች ነበሩ። መመዘኛው ግን አስቀድሞ የተጻፈ ነበር፤ መርማሪዎቹ የሚታወቁ ነበሩ፤ ቅሬታ የሚቀርብበትም ቦታ ነበር። ሁለት ክፍል ያላት እናት ከባለሆቴሉ ያነሰ መብት የሚኖራት በምን ምክንያት ነው?

የእንግዳና የአከራይ ፍርድ ሲነሳ በቀልን መርሳት አይቻልም። ድሮ በኤርቢኤንቢ አንዱ የጻፈውን ሌላው አይቶ ይመልስ ነበር። «ክፉ ከጻፍክብኝ ክፉ እጽፍብሃለሁ» ሆነና ሁሉም ተፈራርቶ ይሞጋገስ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2014 ኩባንያው አሠራሩን ቀየረ፤ አሁን ሁለቱም እስኪጽፉ ወይም አስራ አራት ቀን እስኪሞላ አንዱ የሌላውን አያይም። ኢቤይ የሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ከዚያ ቀደም ብሎ በ2008 ሌላ መንገድ መርጦ ነበር፤ ሻጮች በገዢ ላይ መጥፎ አስተያየት እንዳይሰጡ ከለከለ። የኤርቢኤንቢው የተሻለ ይመስለኛል፤ ሁለቱም ሳይተያዩ ሁለቱም ይመሰክራሉ። ይህ ለውጥ የሚያሳየን ሥርዓቱ ከሰማይ የወረደ አለመሆኑን ነው፤ ሰው የሠራው ነው፣ ሰው ሲጮህ ይሻሻላል።

ያልተሻሻለው ማስፈራራት ነው። እንግዳው ሊሄድ ሲል «ግማሹን ገንዘብ መልሱልኝ፣ አለዚያ አንድ ኮከብ ነው የምሰጠው» ይላል። ክልክል ነው፤ ግን በቃል የተባለ ነገር ማስረጃ የለውም። ለምታከራዩ ሁሉ አጥብቄ የምመክረው አለ፤ እንግዳው ቅሬታ ሲያነሳ በመተግበሪያው የመልእክት ቦታ ላይ እንዲጽፈው ጠይቁት፤ እናንተም እዚያው በትሕትና መልሱ። ሽማግሌ ፊት የቆመ ሰው ምስክር እንደሚጠራ እዚያ ምስክራችሁ ጽሑፉ ነው።

ሌላም አለ፤ በአጭሩ ልለፈው እንጂ ቀላል አይደለም። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ስለ ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት ጥቁር ያልሆኑ አከራዮች ተመሳሳይ ለሆነ ቤት ከጥቁሮቹ በ12 በመቶ ገደማ የበለጠ ዋጋ ያገኙ ነበር። የአከራዩ ፎቶና ስም ከአልጋው በፊት ይታያል ማለት ነው። ወገኖቻችን በሚኒያፖሊስና በኮሎምበስ ክፍላቸውን ሲያከራዩ ይህ ይደርስባቸዋል ብሎ መጠርጠር ስህተት አይሆንም። አገር ውስጥም ቢሆን የመሃል አገር ሰው ስለ ሶማሌ ክልል ከሩቅ የሰማውን ይዞ ሲመጣ፣ ፍርሃቱን ከቤቱ ጥራት ጋር ቀላቅሎ ሊጽፍ ይችላል።

ቅጣቱ መቼ ያበቃል ላልነው ጥያቄ ሽማግሌዎቻችን ግልጽ መልስ አላቸው፤ ካሳ ከተከፈለ ነገሩ አልቋል፤ እንደገና አይነሳም። ቡኪንግ ሦስት ዓመት ያለፈውን አስተያየት ከውጤቱ ያስወጣል። ኤርቢኤንቢ የምርጥ አከራይነት ምልክቱን የሚመዝነው በመጨረሻው አንድ ዓመት ነው፤ የቤቱ አስተያየት ግን ተጽፎ ይቆያል። ሮቶ ገዝታ፣ ጣሪያ አስጠግና፣ መስኮቱን አሳድሳ የተለወጠች አከራይ የድሮው ቤቷ ቅሬታ ሲከተላት መኖሩ ልክ አይደለም። ቤቱ ሲታደስ ያለፈው ፍርድ ቀኑ ተጽፎበት ወደ ታች ይውረድ፤ አይጥፋ፣ ግን አማካዩ ውስጥ አይግባ።

በሕግ በኩል በር መከፈት ጀምሯል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ፣ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ነጋዴን ከዝርዝራቸው ሲያግዱ ወይም ሲያስወጡ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጡ፣ ቅሬታ የሚያዳምጥ ክፍልም እንዲያቋቁሙ አስገድዷል። ያ የሚያገለግለው በአውሮፓ ያሉ ነጋዴዎችን ነው። በእኛ አገር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሰው ስለ ራሱ የተያዘ ትክክል ያልሆነ መረጃ እንዲታረምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። አዋጁ የተጻፈው ለኮከብ ታስቦ አይደለም፤ ይሁንና ስለ አንዲት አከራይ የተጻፈ ሐሰት ስለ እሷ የተያዘ ስህተት ነው ብሎ መከራከር ለሚፈልግ የሕግ ባለሙያ መነሻ አለው። አከራዮች ማኅበር አቋቁመው አንድ ጥሩ ጠበቃ ቢይዙ ደስ ይለኛል።

እስከዚያው ግን በእጃችን ያለውን እንሥራ። የምታከራዩ፣ ቤታችሁን ስታስተዋውቁ የጎደለውን አትደብቁ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ መብራት ሲሄድ ምን እንዳላችሁ፣ የትኛው ኔትወርክ እንደሚይዝ፣ ነፋሱ በየትኛው ወር እንደሚበረታ ጻፉ። እንግዳው ተነግሮት ከመጣ ሊከሳችሁ የሚችለው በእናንተ ሥራ ብቻ ነው። የምትከራዩ ደግሞ፣ መብራት ጠፍቶ ብትናደዱ መብራት ጠፋ ብላችሁ ጻፉ፤ ኮከቡን ስትሰጡ ግን ባለቤቷ ያደረገችላችሁን መዝኑ። አራት ለመስጠት ከተነሳችሁ አራት ምን እንደሚያደርጋት ሰምታችኋል።

የመጨረሻው ቃሌ ለወጣቶቹ ነው። ጅግጅጋና ድሬዳዋ ውስጥ መተግበሪያ የምትሠሩ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከውጭ የሚመጣው ዘመድ ቤት ይፈልጋል፤ አንድ ቀን ከመካከላችሁ አንዱ ለዚህ ክልል የራሱን የቤት ማከራያ ይሠራል። ያን ቀን የኤርቢኤንቢን ስፍር እንዳለ አትቅዱ። ቢያንስ አስር እንግዳ እስኪያስተናግድ ድረስ የቤቱ አማካይ ቁጥር አይታይ፤ ጽሑፎቹ ብቻ ይታዩ። የውሃ፣ የመብራትና የኔትወርክ ቅሬታ ለብቻው ይመዝገብ፤ ተሰብስቦም ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይላክ። አከራይና እንግዳ ሲካሰሱ የሚሰማ ሦስት ሰው ይኑር፤ አንዱ ከአከራዮች፣ አንዱ መንገድ ከሚያውቁ ሹፌሮች ወይም ነጋዴዎች፣ አንዱ ከአገር ሽማግሌዎች። ሁለቱንም በስልክ ያነጋግሩ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይወስኑ፤ ያልረካው አንድ ጊዜ ይግባኝ ይበል። እንግዳው የጻፈው እውነት ሆኖ ከተገኘ ይቆይ፣ ባለቤቷም ታስተካክል። ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ኮከቡ ከሒሳቡ ይውጣ፤ የሦስቱ ሰዎች ውሳኔም ከእንግዳው ጽሑፍ ሥር በሶማሊኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ ቀጣዩ መንገደኛ ሁለቱንም አንብቦ የሚያድርበትን ይምረጥ።